የልጆች ዐይንና የሥራ ጾታ በሰሜን ሸዋ

ጾታዊ የሥራ ፍረጃ ማለት የሠሪውን ችሎታ፣ ሥልጠናና ፍላጎት ከመመርመር በፊት አንድን ሥራ «የወንድ» ወይም «የሴት» ብሎ የመመደብ የአእምሮ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ዕድሜ ባስቆጠሩ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች እንዲያውም አዋቂው በማይደፍረው እርግጠኝነት ይናገሩታል። በአንኮበር ተዳፋት በግ የሚጠብቅ የስድስት ዓመት ልጅ ማን እንደሚያርስና ማን እንጀራ እንደሚጋግር ቢጠየቅ፣ የሚመልሰው ስለ ቀዬው ልማድ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሊለወጥ ስለማይችል የዓለም ሕግ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ነው፤ በደብረ ብርሃን ከተማ የምትኖር እኩያውም ሾፌሩን፣ ግንበኛውንና የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር በአንድ ወገን፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷን፣ ነርሷንና በጉልት የምትቸረችረውን ሴት በሌላ ወገን ለመደርደር ብዙ አታመነታም። የዚህ ዲስኩር ክርክር፣ ልጆች ይህን ድልድል የሚማሩት ከምክር ይልቅ ማን የት ቦታ ቆሞ እንደሚሠራ በየዕለቱ ከማየት ነው፣ የሚያዩት ድልድልም በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ የኖረ ነው የሚል ነው።

የልጅ አእምሮ ጾታን የሥራ መለያ የሚያደርግበትን መንገድ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በልዩ ልዩ መልክ አብራርተውታል። ላውረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ልጅ መጀመሪያ ራሱን ወንድ ወይም ሴት ብሎ ይለያል፣ ቀጥሎም ይህ ማንነት በልብስም ሆነ በጸጉር አቆራረጥ እንደማይቀየር ሲገባው ከእርሱ ወገን የሚጠበቀውን ማንም ሳያስገድደው ራሱ መፈለግ ይጀምራል። ሳንድራ ቤም በ1981 ይህን አስፍታ የጾታ ንድፍ የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ አቀረበች፤ ንድፍ ሲባል አእምሮ አዲስ የሚያየውንና የሚሰማውን ነገር የሚደለድልበት አስቀድሞ የተዘጋጀ መዋቅር ማለት ሲሆን፣ መዋቅሩ አንዴ ከተተከለ በኋላ ልጁ ከእርሱ ጋር የሚስማማውን በቀላሉ ይይዛል፣ የማይስማማውን ግን ወይ ይረሳዋል ወይ አጣሞ ያስታውሰዋል። ወንድ ሲያበስል የሚያሳይ ሥዕል የተመለከተ ልጅ ከቀናት በኋላ ሲጠየቅ ያየው ሴት ስታበስል እንደነበር የሚናገርበት ጊዜ መኖሩ በተደጋጋሚ ሙከራዎች የተረጋገጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለትምህርት ቤት ሰዎች የሚጠቅመው ግን ሊንዳ ጎትፍሬድሰን በዚያው በ1981 የጻፈችው ነው። በእርሷ አገላለጽ ልጅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ሰዎችን በትልቅነትና በጉልበት ይለያል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ ሥራዎችን በጾታ ከፍሎ ከወገኑ ውጭ የመሰሉትን ሁሉ ከምኞቱ መዝገብ ይሰርዛል፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ባለው ጊዜ ደግሞ ከተረፉት መካከል ለቤተሰቡ ደረጃ የማይመጥኑትንና የማይደረስባቸውን ያስወጣል፤ የራሱን ዝንባሌ ማዳመጥ የሚጀምረው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የማጥበብ ሂደት ልጁ ራሱ አያውቀውም። አንድ ጊዜ የተሰረዘ ሥራም ከውጭ የሚገፋ ነገር ካላገኘ በቀር ተመልሶ አይመረመርም። በኢትዮጵያ ሥርዓት ልጅ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የጎትፍሬድሰን ሐሳብ በግምት እንኳ ትክክል ከሆነ ትልቁ ስረዛ የሚፈጸመው የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ደብተር በተከፈተበት ወቅት ነው። በአንጻሩ የሙያ ምርጫ ምክር ለተማሪዎች ሲሰጥ የሚታየው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ብዙ ጊዜም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲቃረብ ነው። ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት በተዘጋ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ በመሆኑ ጉልበቱ ያንሳል።

በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች ይህን የዕድሜ ጉዳይ አጉልተው ያሳያሉ። ዴቪድ ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት በአብዛኛው በካናዳና በአሜሪካ የሚገኙ 4,807 ልጆች የሳይንስ ሊቅ ሥዕል እንዲሥሉ ተጠይቀው ሴት ሊቅ የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ ሃያ ስምንቱም ሴቶች ልጆች ነበሩ። በአሜሪካ የተካሄዱ 78 ተመሳሳይ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰብስበው ሲመረመሩ ከ1980ዎቹ ወዲህ ከተሣሉት ሊቃውንት መካከል ሴቶቹ በአማካይ ወደ 28 ከመቶ ከፍ ብለው ተገኙ፤ ሳይንስን የሙያቸው ያደረጉ ሴቶች በዚያ አገር ሲበዙ የልጆቹም ሥዕል እየተለወጠ መጥቷል ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ምርመራ የስድስት ዓመት ሴቶች ልጆች በብዛት ሴት ሊቅ ሲሥሉ፣ የዐሥራ ስድስት ዓመቶቹ ግን በብዛት ወንድ ይሥሉ ነበር። ሊን ቢያንና ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት የሆናቸው ሴቶች ልጆች «እጅግ ብልህ» የተባለ ሰው ከእነርሱ ወገን ሊሆን እንደሚችል እንደ ወንዶቹ ሁሉ ሲያምኑ፣ ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ግን ይህን እምነት መልቀቅ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። በስድስተኛው ዓመት አካባቢ የሚሆነው ነገር በየትም አገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ሲመለሱ የልጁ ዐይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በማረሻ ላይ ነው። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነችው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኤስተር ቦሰሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መሬት በዶማና በመቆፈሪያ በሚለማበት አገር ሴቶች ዋነኞቹ አራሾች ሲሆኑ በበሬ የሚጎተት ማረሻ በገባበት አገር ግን እርሻ በወንዶች እጅ እንደሚገባና ሴቶች ወደ ቤት ሥራ እንደሚገፉ ተከራክራለች፤ አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን በ2013 ሰፊ መረጃ ሰብስበው ሲፈትሹት፣ ማረሻ ይጠቀሙ ከነበሩ ሕዝቦች የተወለዱ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ተሰደው የወለዷቸው ልጆች እንኳ ስለ ሴቶች ሥራ ያላቸው አመለካከት ከሌሎቹ የጠበበ ሆኖ አግኝተውታል። የኢትዮጵያ ደጋ ከሰሐራ በታች ካለ ከማንኛውም የአፍሪካ ክፍል ይልቅ የማረሻ አገር በመሆኑ ይህ ክርክር በቀጥታ ይመለከተዋል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት እያላት በሬ ጠምዳ ስለማታርስ ለእኩል ወይም ለሲሶ ለሌላ ሰው እየሰጠች ምርቷን ትካፈላለች፤ ድህነቷ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጁ የሚያየውና የሚደመድመው ነገር ይለያያል። በአንኮበርም ሆነ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ የገብስ ማሳዎች እናት አረም ታርማለች፣ በአጨዳ ጊዜ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፣ እህሉን በሰፌድ ታበጥራለች፣ ዘሩንም ለከርሞ መርጣ ታስቀምጣለች፤ እንጨት በተመናመነበት በዚያ ብርዳም አገር የቤቱን እሳት የሚያቆየውን ኩበት ጠፍጥፋ የምታደርቀውም፣ ገበያ ወስዳ የምትሸጠውም እርሷ ናት። ይህ ሁሉ እየታየ ልጁ «ገበሬ ማን ነው?» ሲባል አባቱን ብቻ ይጠራል፤ ምክንያቱም ከዓመቱ የእርሻ ሥራ መካከል ስም የተሰጠው ሞፈርና ዕርፍ የመጨበጡ ጥቂት ሳምንት እንጂ የቀረው ወራት አይደለም። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መሬት መመዝገብ ጀምሮ ለባለይዞታዎች በሰጠው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መለጠፉ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው፤ የእናቱን ፊት በመሬት ደብተር ላይ ያየ ልጅ እናቱ የመሬት ባለቤት መሆኗን ያውቃል፤ ገበሬ መሆኗን ግን ደብተሩ ብቻውን አይነግረውም።

የልጆች ጨዋታ ይህንኑ ይደግማል፤ ወንዶቹ ከጭቃ በሬ ሠርተው ቀንበር ይጭኑበታል፣ ሴቶቹ በእቃቃ ጨዋታ በጣሳ ክዳን ላይ የአፈር እንጀራ ይጋግራሉ። ቢሆንም በዚህ ዕድሜ ድንበሩ ገና ልል ነው፤ በግ ሴትም ወንድም ይጠብቃል፣ ወንድ ልጅም ታናሹን አዝሎ ይታያል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማራ ክልልን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ክልሎችና ከተሞች የ3,000 ልጆችን አስተዳደግ ሲከታተል የቆየው ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆች በዕድሜ ከፍ ባሉ ቁጥር ሴቷ ወደ ውኃ፣ ወደ እንጨትና ወደ ምድጃ፣ ወንዱ ወደ ከብትና ወደ እርሻ እየተለዩ ይሄዳሉ፤ መለያየቱ ከትምህርት ጊዜም ይወስዳል፣ በተለይም ከሴቷ።

ይህ ድልድል ከተፈጥሮ የመጣ ቢሆን ኖሮ በዘመናት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ በቆየ ነበር። የአገሩ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያዩ አውሮጳውያን ተጓዦች እህል መፍጨትና ውኃ መቅዳት የሴት፣ ወንዝ ወርዶ ልብስን በእንዶድ ማጠብና ልብስ መስፋት ደግሞ የወንድ ሥራ እንደነበሩ መዝግበዋል። ዛሬ በደብረ ብርሃን አንድ ወንድ ልጅ በበረሳ ወንዝ ዳር የቤተሰቡን ልብስ ሲያጥብ ቢገኝ የሚደርስበት ፌዝ ቅድመ አያቱ የሚያውቁት ፌዝ አይደለም። የልብስ ስፌቱ ጉዳይ ደግሞ በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት መልክ ይዞ ይታያል፤ በገበያው በረንዳ ላይ በእግር በሚዘወር የሲንጀር የስፌት መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ከጥንት ጀምሮ ወንድ ሲሆን፣ በከተማዋ እንደተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ የአልባሳት ማምረቻዎች መስመር ላይ የሚቀመጡት የስፌት ሠራተኞች ግን በመላ አገሪቱ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። መርፌውና ክሩ አንድ ነው። የተለወጠው ደመወዙ፣ ባለቤትነቱና ሥራው የሚታይበት ማዕረግ ነው፤ የበረንዳው ሰፊ የራሱ ጌታ የሆነ ባለሙያ ተብሎ ሲከበር የመስመሩ ስፌት «ለሴት እጅ የሚመች» ተብሎ በዝቅተኛ ክፍያ ይሰጣል።

ፈትልና ሽመናም እንዲሁ ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ጥጡን የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በመንዝ ብርድ የሚለበሰው ባናም በሴት ተፈትሎ በወንድ ይሸመናል። በማዕከላዊና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ በጓቲማላና በፔሩ፣ በወገብ ታስሮ በሚሠራ መሸመኛ የሚሸምኑት ግን ሴቶች ናቸው፤ በዚያ የሚያድግ ልጅ ሽመናን የሴት ጣት ብቻ የሚችለው ጥበብ አድርጎ ይቆጥረዋል። የወፍጮው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። በእጅ ወፍጮና በመጅ ሌሊት ተነሥቶ መፍጨት ለብዙ መቶ ዓመታት የሴት ጀርባ የጎበጠበት፣ ወንድ ቢነካው የሚዋረድበት ሥራ ነበር፤ ሞተር ያለው ወፍጮ ቤት ሲመጣ ግን ቀበቶውን የሚያስገባው፣ ዱቄቱን የሚመዝነውና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው በአብዛኛው ወንድ ሆነ፣ ሴቷ እህሏን ተሸክማ ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ ሆነች። ድካሙ በማሽን ሲቀልና ገንዘብ ሲያስገኝ ሥራው ጾታውን ለወጠ፤ ልጁ የሚያየውም የመጨረሻውን መልክ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ግን በየደብሩ ይገኛል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጀው ቤተ ልሔም በተባለው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሊጡን የሚያቦኩትና የሚጋግሩት ዲያቆናት ናቸው። በአንኮበርም ሆነ በደብረ ብርሃን ለዲቁና የታጨ ወንድ ልጅ ዱቄት ማቡካትንና ምድጃ ማንደድን ይማራል፤ ይህንንም ሲያደርግ ማንም አይስቅበትም፣ ይልቁንም ቤተሰቡ ይኮራበታል። ስለዚህ ኅብረተሰቡ ሊጥና እሳት ለወንድ እጅ የተከለከሉ ናቸው ብሎ አያምንም፤ የሚያምነው ክብር ባለበት ቦታ መጋገር የወንድ፣ ክብር በሌለበት ቦታ መጋገር የሴት መሆኑን ነው። በቅኔ ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ። የአብነት ትምህርት የወንድ ጎዳና ተብሎ ቢቆጠርም፣ በጎጃም ጽላሎ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተምረው ወንዶች ሊቃውንትን አፍርተዋል፤ ደቀ መዛሙርቱ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ሲቀኙ የመምህርነት ጾታ ጥያቄ እንዳልሆነባቸው ግልጽ ነው።

የሸዋን የቤተ መንግሥት ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች፣ ሴቶች በዚህ ምድር ሥልጣን መያዛቸውን በኩራት ያነሣሉ፤ እውነትም ነው። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸዋንና ኢፋትን ጨምሮ በልዩ ልዩ አውራጃዎች ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን በአስተዳዳሪነት እንደሾሙ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሴቶች የተሾሙት የንጉሥ ልጆች በመሆናቸው ነበር፤ ትውልድ ጾታን በለጠ እንጂ ሥራው ለሌላ ሴት አልተከፈተም፣ ከግቢው ውጭ ያለች የገባር ልጅም ከዚያ የተማረችው ነገር አልነበረም። የላይኛው መደብ ምሳሌ ብቻውን ወደ ታች አይፈስም።

ሥራን ከትውልድ ጋር የማሰር ልማድ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። በአንኮበር አካባቢ ወንዶቻቸው ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች የነገሥታቱን መሣሪያና የሕዝቡን ማረሻ፣ ድስትና ምጣድ ሲያቀርቡ ኖረው «ጠይብ» እየተባሉ ተገልለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ሥራን መናቅ አገርን ድኻ እንደሚያደርግ የተረዳ ዐዋጅ በመሆኑም ዛሬም ሊነገርለት ይገባል። የሸክላ ሠሪዋ ሴት ልጅ ግን ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ሁለት ስረዛ አስተናግዳለች፤ በጾታዋ አንጥረኛ አትሆንም፣ በዘሯ ደግሞ ጎረቤቶቿ የሚመኙትን አትመኝም። ስለ ልጆች ምኞት የሚደረግ ውይይት እርሷን ከዘነጋ ጎዶሎ ነው።

ባለፉት ከሃያ በላይ ዓመታት መንግሥት ራሱ አዲስ ሥራ ሲፈጥር በልጆች ፊት ምን እንዳቆመ መመልከት ያስፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሠራተኞችን መደበ፤ ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ከጥቂት አርብቶ አደር አካባቢዎች በስተቀርም ሁሉም ሴቶች እንዲሆኑ የተወሰነ ሲሆን ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ እናቶች ስለ ወሊድና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ከሴት ጋር በግልጽ ይነጋገራሉ፣ ለገጠር ወጣት ሴቶችም ቀድሞ ያልነበረ የደመወዝ ሥራ ተገኘ። በዚያው ዘመን በየቀበሌው ስለ ሰብል፣ ስለ እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት እንዲያማክሩ የተመደቡት የግብርና ልማት ሠራተኞች ግን እጅግ በአብዛኛው ወንዶች ሆኑ። እንግዲህ በአንኮበር ወረዳ አንድ ቀበሌ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሠራተኛ ያያል፤ አንዷ ቦርሳ አንግታ ወደ ጓዳ ገብታ ከእናቱ ጋር ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የምትነጋገር ሴት ናት፣ ሌላው ማሳው ዳር ቆሞ ከአባቱ ጋር ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር የሚነጋገር ወንድ ነው። አያቱ የሚያውቁት የጓዳና የሜዳ ክፍፍል በዘመናዊ ትምህርት፣ በደመወዝና በማኅተም ተረጋግጦ ቀረበለት። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ልጁ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያየው።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ አይርቅም። መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተምሩት ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል፣ ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ወንድ መምህራን ይበዛሉ፣ ርዕሰ መምህሩም በአብዛኛው ወንድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የጾታ እኩልነትን በግልጽ የደነገገ ሲሆን የመማሪያ መጻሕፍትም በዚያ መንፈስ እየተከለሱ መጥተዋል፤ ይሁንና በብዙ ክፍሎች ውስጥ ወለል መጥረግና ውኃ መርጨት ለሴቶች፣ አለቃነትና ደወል መደወል ለወንዶች ሲሰጥ መጽሐፉ በአንድ ገጽ የሚያስተምረውን የዕለቱ ልማድ በሙሉ ቀን ይሽረዋል።

ታዲያ የልጆችን ዐይን የሚቀይር ነገር አለ? በዚህ ላይ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ከሕንድ የመጣ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤት ሊቀመንበርነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲጠበቅ ስታደርግ፣ ቦታው የሚጠበቅባቸው መንደሮች በዕጣ ይመረጡ ስለነበር ተመራማሪዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማነጻጸር ቻሉ። ሎሪ ቢማን፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በምዕራብ ቤንጋል 495 መንደሮች ያካሄዱት፣ በ2012 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሁለት ተከታታይ ምርጫ ሴት መሪ ባገኙ መንደሮች ወላጆች ለሴትና ለወንድ ልጆቻቸው በሚመኙት መካከል ያለው ልዩነት በ25 ከመቶ፣ ልጆቹ ራሳቸው በሚመኙት መካከል ያለው ደግሞ በ32 ከመቶ ጠበበ፤ በትምህርት ደረጃ የነበረው ልዩነት ጠፋ፣ ሴቶች ልጆች በቤት ሥራ ላይ የሚያጠፉትም ጊዜ ቀነሰ። ለሴቶቹ አዲስ የሥራ ዕድል አልተከፈተም። ለውጡን ያመጣው በየቀኑ ስታልፍ ስታገድም የምትታይ፣ ስሟና ቤቷ የሚታወቅ ሴት መሪ መኖሯና የሴት አመራሩ ከአንድ የሥልጣን ዘመን በላይ መቆየቱ ነው።

መቅረብና መቆየት የሚሉት ሁለቱ ነገሮች በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ብርሃን ይሰጣሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሆነው ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ፣ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015ም ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራው በረራ ወደ ባንኮክ ሲነሣ ዜናው በመላ አገሪቱ ተሰምቷል፤ ልጆችም ሰምተዋል፣ በዚህም ደስ ሊል ይገባል። ፍኖተ ሰላም ተወልደው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ የሆኑት፣ በናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የመሩት፣ በ2014ም የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም ከዚሁ ክልል ናቸው፤ የግብርና ዕውቀት የወንድ ብቻ ነው ለሚል ሰው ከእርሳቸው የተሻለ መልስ የለም። ነገር ግን ለአንኮበር ልጅ ካፒቴኗም ሆነች ተመራማሪዋ ሩቅ ናቸው፤ በሬዲዮ ተሰምተው ያልፋሉ። ማሳው ዳር ቆማ ስለ ገብስ ዋግ የምታማክር አንዲት ሴት የግብርና ባለሙያ ሦስት ዓመት በአንድ ቀበሌ ብትቀመጥ ግን የስድስት ዓመቱ ልጅ በአእምሮው መደርደሪያ ላይ ቦታ ሊያዘጋጅላት ይገደዳል። የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚያስመርቋቸው ሰዎች የሚመደቡበት ቦታ ሲወሰን፣ ማን የት እንደሚታይ የሚለው ጥያቄ ከደመወዝና ከክፍት የሥራ መደብ እኩል ሊመዘን ይገባዋል።

እስካሁን የተባለው በአብዛኛው ስለ ሴቶች ልጆች ነው፤ ጥረቱም ሁሉ ያተኮረው በእነርሱ ላይ ነው። ሴት ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን እንደምትፈልግ ብትናገር ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚቃወማት ጥቂት ነው፣ ብዙው ይመርቃታል። ወንድ ልጅ ነርስ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ወይም ወጥ ቤት ሠራተኛ መሆን እንደሚፈልግ ቢናገር ግን «ሴታ ሴት» መባል ይጠብቀዋል። ድንበሩ የተከፈተው ከአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ለሴቶቹም አይበጅም፤ ምክንያቱም የደመወዝ ሥራ የያዘችው እህት ከሥራ ስትመለስ ምድጃው እንደተለመደው ይጠብቃታል፣ ታናናሾቿም ይህን ያያሉ።

በዚህ ረገድ ሰሜን ሸዋ ብዙም ያልተወራለት ሀብት አለው። ከገጠር ቀበሌዎች ተነሥተው በአንኮበር ወረዳ ባለችው በጎረቤላ ወይም በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚከታተሉ ወንዶች ልጆች ሽሮ ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ የጓደኛቸውን ተራ ይሸፍናሉ፤ ከቤት የመጣው ድርቆሽ ሲያልቅ ሊጥ አቡክተው የሚጋግሩም አሉ። ከእህታቸው ጋር ክፍል የተከራዩት ግን ይህን ሁሉ ለእርሷ ይተዋሉ፤ የእርሷ የጥናት ሰዓትም በዚያው ያልቃል። ለብቻቸው የሚኖሩትም ቢሆኑ ስንቅ ለመያዝ ቅዳሜ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ በመደብ ላይ ተቀምጠው ይቀርብላቸዋል፤ እናትም ልጇ በከተማ ምን እንደሚሠራ ብታውቅ እንኳ በጎረቤት ፊት አታነሣውም። ከሰኞ እስከ ዐርብ ምድጃ ሲያነድድ የሰነበተው እጅ እሑድ ማታ ወደ ከተማ እስኪመለስ ድረስ ማጀት አይገባም፤ በቤቱ ያሉት የስድስትና የሰባት ዓመት ታናናሾቹም ወንድማቸው ወጥ መሥራት የሚችል መሆኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ ለራሳቸው ድልድሉን ይጨርሳሉ።